የጎጃም ባቄላ በኦምዱርማን ድስት

«ንግድ ሰላም ያመጣል» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ነገሩ ውሸት ሆኖ አይደለም። እውነት መሆኑን ከተናጋሪዎቹ በላይ ስለማውቅ ነው። እኔ ይህን ነገር የተማርኩት በስብሰባ አዳራሽ አይደለም፤ ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ ከአንድ የፉል ድስት አጠገብ ቆሜ፣ በዳቦ ጠቅሼ በልቼዋለሁ። የሚያናድዱኝ ማይክሮፎን የጨበጡት ናቸው። በሩን የሚዘጉት እነሱ፣ ስለ በሩ ጥቅም የሚያስተምሩንም እነሱ።

ከሀገሬ ስወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ባሌ በፖለቲካ ምክንያት ሲሸሽ ልጃችንን አዝዬ ተከተልኩት። ካርቱም ብዙም ሳንቆይ እሱ ታሞ ሞተብኝ፣ እኔና ልጄ ጀብራ በሚባል ሰፈር በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ ቀረን። እንደ ብዙዎቹ የሀገሬ ሴቶች የሀብታሞቹ ሰፈር መንሺያ ሄጄ ሰው ቤት ለመሥራት ሞከርኩ። እጄ ሥራ አይፈራም፣ ምላሴ ግን አላስቀመጠኝም፤ ከሁለት ቤት ተባረርኩ። በኋላ አረብኛዬን የሰሙ አንድ የጥራጥሬ ነጋዴ ኦምዱርማን ካለው መጋዘናቸው አስገቡኝ። ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም ሐጂ ነው የምላቸው። እሳቸው ደግሞ ያ ኡስታዛ ይሉኝ ነበር፣ አስተማሪ ነበርኩ ስላልኳቸው። ጠዋት ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ በሃፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ የወንዙን ድልድይ ተሻግሬ፣ ኦምዱርማን ስደርስ የመጋዘኑን በር ገና እየተከፈተ አገኘው ነበር።

ሥራዬ አፍ መሆን ነበር። ሐጂ ባቄላ የሚያስመጡት ከጎጃም ነው። እዚያ ያሉት ነጋዴ አረብኛ አይችሉም፣ ሐጂ አማርኛ አይችሉም። እኔ መሀላቸው ቆሜ የአንዱን ለአንዱ አቀብላለሁ። የጎጃሙን ሰው ጋሼ ነው የምላቸው፣ እሳቸው እታለም ይሉኛል። ስንት ዓመት ስንነጋገር መልካቸውን አላየሁም። ሐጂም አላዩአቸውም። ቢሆንም ጋሼ ስለ ሐጂ እናት ጉልበት ሳይጠይቁ ስልክ አይዘጉም፣ ሐጂም ጎጃም ዘነበ አልዘነበ ብለው ሳያስጠይቁኝ ሻይ አይጠጡም ነበር።

ሱዳን ፉል ሳይበላ ቀኑ አይጀመርለትም። ሚኒስትሩም፣ ሻይ የምትሸጠዋም፣ ሪክሻ ነጂውም ረፋዱ ላይ አንድ ሳህን ከብበው ይቀመጣሉ። በዚያ ሳህን ውስጥ ካለው ስንቱ የጎጃም ገበሬ ያበቀለው እንደሆነ የሚያስብ አልነበረም። ማሰብም አያስፈልግም ነበር። ጥሩ ነገር የሚሠራው ሳይታሰብ ነው።

አንድ ልማድ ነበረን። ጭነት ሲደርስ ጆንያው ከመኪና ከመውረዱ በፊት ሐጂ ራሳቸው መኪናው ላይ ወጥተው፣ ከላይም ከታችም ካሉት ጆንያዎች ባቄላ ይዘግናሉ። ያን ይዘው ፊት ለፊታችን ላለው ፉል ሻጭ ይሰጡታል። ሰውየው ጠይም፣ ቀጭን፣ ነገረኛ ነበር፤ በድስቱ የመጣበትን አይምርም። የተሰጠውን በትንሽ ድስት ለብቻው ከሰል ላይ ጥዶት ያድራል። ጠዋት ሐጂ፣ ሾፌሩ፣ ጫኝና አውራጆቹ፣ እኔም እንሰበሰባለን። ፉል ሻጩ በለስላሳ ጠርሙስ ቂጥ ይደፈጥጠዋል። ጨው የለው፣ ዘይት የለው፣ እንዲሁ ባዶውን። ሐጂ ቀምሰው ዝም ይላሉ፣ ደግመው ይቀምሳሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ ይዘረጋሉ። ስልክ ስጪኝ ማለታቸው ነው።

ጎጃም ያሉት ጋሼ ያን ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ስልካቸውን ይዘው ነው የሚጠብቁት። ሐጂ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው አንድ ቃል ብቻ ይናገራሉ፤ «መቅቡል»። ተቀብያለሁ ማለት ነው። ሌላውን ነገር ሁሉ በእኔ አፍ ያስተላልፉ እንጂ ይህችን ቃል ለማንም አይሰጡም ነበር። ጋሼም ከአረብኛ የሚያውቁት እሷን ብቻ ነው። ቃሏ ከወጣች ጆንያው ይወርዳል። ካልወጣች ጭነቱ ወደ መጣበት ይመለሳል፣ በሁለቱ ሰዎች መሀል የነበረውም ነገር ያበቃል። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ያልወጣችበት ቀን አልነበረም፣ እስከዚያ ጭነት ድረስ።

ከዚያ በፊት ግን ያ ድስት ምን እንደሠራልኝ ልናገር።

የሁለቱ ሀገሮች ወታደሮች በድንበር መሬት ተጋጩና ሰው ሞተ። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ያቀጣጥላል። ሃፍላ ውስጥ አማርኛ መናገር ተውኩ፤ ልጄ «እማ» ስትለኝ እንኳ በዓይኔ ዝም አሰኛት ነበር። አንድ ረፋድ ላይ ጎረምሶች ተሰብስበው መጋዘኑ በር ላይ መጡ። ከእነሱ መሀል የእኛን ጆንያ ሲሸከሙ የኖሩ ነበሩ። «ሐበሺያዋ ትውጣ! ሀገሯ ትግባ!» ይላሉ። እኔ ሚዛኑ ጋ ቆሜያለሁ። ፈርቼ ነበር፣ ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ በለጠ። መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ሐጂ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ፈጡር በልታችኋል?» አሏቸው ሐጂ፣ ቁርስ ማለታቸው ነው።

አልበሉም።

«ያላ፣ መጀመሪያ ብሉ። ከእሷ ጋር ጉዳይ ያለው በልቶ ይምጣ።»

ፉል ሻጩ ማንም ሳይጠይቀው ትልቁን ሳህን መሬት ላይ ጣለላቸው። «ብሉ» አለ፤ «የሐበሻ ባቄላ ነው። የማይፈልግ ይትፋው።» የተፋ አልነበረም። ተሻምተው በሉ፣ ጣታቸውን ላሱ፣ ተነሥተው ሄዱ። በማግሥቱ ያው ልጆች መጥተው ጆንያ ተሸከሙ። አንዱ ዓይኔን ሳያይ «ሰባሕ አልኸይር፣ ያ ኡስታዛ» ብሎ እንደምን አደርሽ አለኝ። እኔም ጥርሴን ነክሼ መለስኩለት።

ይህን ሳወራ ሰዎች ልባቸው ይነካል። ወዳጅነት እንዲህ ነው ይሉኛል። አይደለም! ስለወደዱኝ አይደለም። ሐጂን በኋላ «ለምን አዳኑኝ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። የተገረሙ መስለው አዩኝና «አንቺ ከሄድሽ ከሰውየው ጋር በምን አፌ ልነጋገር ነው?» አሉኝ። ያን ጊዜ ከፋኝ። ውዬ አድሬ ሳስበው ግን በዚያ ሀገር ሰው ከነገረኝ ሁሉ እውነተኛው እሱ ሆኖ አገኘሁት። ፍቅርን ሬዲዮ በአንድ ምሽት ይለውጠዋል። የሚያስፈልግህን ሰው ግን ጠዋት ሲርብህ ታስታውሰዋለህ። እኔ በዚያ ከተማ ሰው ሆኜ የኖርኩት በዚህ ነው። ይህን ለማወቅ የምጣኔ ሀብት ዶክተር መሆን አያስፈልግም፣ ለማበላሸት ግን ሥልጣን ያስፈልጋል።

እነሱም አበላሹት። የሐጂ ጭነት ጉምሩኩን ጨርሶ መተማ ደርሶ ሳለ ድንበሩ ተዘጋ። ማን ዘጋው? ወዲህ ብትጠይቅ እነዚያ ናቸው፣ ወዲያ ብትጠይቅ እነዚህ ናቸው። እዚያ ቦታ ከጥንት ጀምሮ ጭነት ከኢትዮጵያ መኪና ወደ ሱዳን መኪና የሚሻገረው በሰው ትከሻ ነው። ወዲያ ያለው ወዛደር ተሸክሞ ትንሿን ድልድይ ያልፋል፣ ወዲህ ያለው ይቀበለዋል። የሚነታረኩት ስለ ሸክም እንጂ ስለ መሬት አልነበረም። እነዚያን ሰዎች በጠመንጃ ለያዩአቸውና ባቄላችን ሸራ ለብሶ በመተማ ሙቀትና ዝናብ ተቀመጠ።

ስልክ የማልደውልለት ሰው አልነበረም። ይህ ኢንሻአላህ ይለኛል፣ ያኛው ይጣራል ይለኛል። ጋሼ ከጎጃም «እታለም፣ ባቄላ ሰው አይደለም፣ ታገሥ ብትይው አይታገሥም» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ባቄላ ሙቀትና እርጥበት ያለበት ቦታ ብዙ ከቆየ ልቡ ይደርቃል። መልኩ ደህና ነው፣ እሳት ላይ ስትጥደው ግን ድንጋይ ይሆናል። ሐጂ ይህን ስለሚያውቁ ቀን በቀን ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ለስብሰባው የተጠራሁት። ዓባይ ዳር ባለ ሆቴል፣ የሁለቱ ሀገሮች ነጋዴዎችና ሹማምንት ስለ ንግድና ሰላም የሚወያዩበት ነው ተባለና አስተርጓሚ ሆኜ ሄድኩ። ሐጂም ካልመጣሁ ብለው ነጭ ጀለቢያቸውን አስተኩሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው መጡ። አዳራሹ ብርድ ነበር። ግድግዳው ላይ ሁለት እጆች ሲጨባበጡ የሚያሳይ ሥዕል በመብራት ተለቋል። ተናጋሪው ቀጠን ያለ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። ዕቃ በሚያልፍበት ድንበር ጦር አያልፍም አለ። የተሳሰሩ ገበያዎች የሰላም ዋስትና ናቸው አለ። ታሪፍ አለ፣ ቀጠና አለ፣ ትስስር አለ። እኔ እየቀባሁ እያሳመርኩ እተረጉማለሁ። የሚናገረው ነገር አንድም ስህተት አልነበረበትም፤ አንጀቴን ያሳረረውም እሱ ነው።

ጥያቄ ሲባል ሐጂ እጃቸውን አወጡ። «በሩን የሚከፍተው ሰው እዚህ አለ?» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ለሀገሬ ልዑካን ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። የእኛዎቹ የሱዳኖቹን አዩ፣ የሱዳኖቹ የእኛዎቹን አዩ። መድረክ መሪው ሳል ቢጤ አለና «ጥያቄው በሚቀጥለው መድረክ ይታያል» ብሎ ወደ ምሳ ሊያልፍ ሆነ። ያኔ ቱግ አልኩ። ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነበር። «ባቄላው መድረክ አይጠብቅም!» አልኩ በአማርኛ። «ዝናብ ላይ ነው ያለው! የእናንተን ምሳ የሚያክል እንኳ ክብር አላገኘም!» ይህንኑ በአረብኛ ደገምኩት፤ ማንም አልሰማሁም እንዳይል። አንዱ መጥቶ በትሕትና አስተርጓሚ የራሱን አይጨምርም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለስብሰባ ጠርተውኝ አያውቁም፤ በአፍንጫዬ ይውጣ። ምሳው ላይ ከቀረቡት ምግቦች አንዱ ፉል ነበር። ከቆርቆሮ የወጣ ፉል። ሐጂ አዩት፣ አልነኩትም።

ድንበሩ እንደተዘጋው ሁሉ ያለምንም ማብራሪያ ተከፈተና መኪናው ኦምዱርማን ደረሰ። ሐጂ ወጥተው ከላይም ከታችም ዘገኑ። ፉል ሻጩ ጥዶ አሳደረው። ጠዋት እንደ ወትሮው ተሰበሰብን።

ጠርሙሱ ሲያርፍበት ባቄላው ሸሸ። ፉል ሻጩ ጠንከር አድርጎ ጫነው። ፍሬው ከጠርሙሱ ሥር ተስፈንጥሮ የሳህኑን ዳር መታ፤ የቀረውም ቅርፊቱ ተላጠ እንጂ ውስጡ አልላመም። ሐጂ አንዷን አንሥተው አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ስትሰበር ከቆምኩበት ተሰማኝ። እጃቸውን አልዘረጉም።

ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ። ጋሼ ናቸው፣ መጠበቁ አልቻሉም።

«እታለም፣ እንዴት ሆነ?»

«አልበሰለም፣ ጋሼ።»

«እኔ ስልከው እኮ እንደ ቅቤ ነበር የሚቀልጠው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ሐጂ ምን አሉ?»

ወደ ሐጂ ዞርኩ። ሐጂ መሬት መሬት ያያሉ። «ምንም አላሉም» አልኳቸው።

ስልኩ ሲዘጋ ሐጂ ላይ ጮህኩባቸው። የቀጠረኝን ሰው፣ ከጎረምሶች ያዳነኝን ሰው፣ በገበያ መሀል። «ባቄላው ምን አጠፋ? በሩን የዘጋውን ትተው በባቄላው ላይ ይፈርዳሉ? አዳራሽ ውስጥ ማን ይከፍተዋል ያሉት እርስዎ አይደሉም?» ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ድስቱ ኬላ አያውቅም፣ ያ ኡስታዛ» አሉ። «አልበሰለም፣ አልበሰለም። ይህን ለሰው ብሸጥ ነገ ማን ያምነኛል?»

ያኔ አትሩን ትዝ አለኝ። አትሩን ከዳርፉር ማዶ ካለው በረሃ የሚመጣ ግራጫ የጨው ድንጋይ ነው። ጠንካራ እህል ያለሰልሳል፤ ይህን የማያውቅ የሱዳን ቤት የለም። ቅመም ተራ ሮጬ ገዛሁና ለፉል ሻጩ አቀረብኩለት። በሁለት እጁ ድስቱን ከደነው፣ የሰደብኩት ያህል። አትሩን ፉሉን ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙንም ይለውጠዋል፤ ጥሩ ፉል ሻጭ እሱን ከነካ የገበያው መሳቂያ ነው። «በእኔ ድስት? ወላሂ አይሆንም!» አለ። እኔም «ድስትህን ይዘህ ገደል ግባ» አልኩና ድንጋዩን እግሩ ሥር ወርውሬ ጀብራ ቤቴ ገባሁ።

ጭነቱ ወደ ጎጃም አልተመለሰም፤ ለመመለሻ የሚሆን መንገድም ጊዜም አልነበረም። ሐጂ የማይፈለግ ዕቃ እንደሚደረገው አውራ ጎዳና ማዶ፣ ሰውራ ከሚባለው ሰፈር ካለው ቤታቸው ግቢ ወስደው ከመሩት። ለመጋዘኑ በባሕር ከሚያስመጡ ሰዎች ሌላ ባቄላ መግዛት ጀመሩ። እኔን አላባረሩኝም። ሚዛን ላይ አቆሙኝ፤ ሚዛን ግን አፍ አያስፈልገውም። ለወራት ሰላምታዬ ከከንፈሬ አላለፈም። ለጋሼ በዓል በመጣ ቁጥር እደውላለሁ። እንኳን አደረሰዎ ተባብለን፣ ስለ ልጄ ጠይቀውኝ፣ ሊዘጉ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐጂ አሁንም ምንም አላሉም?» ይሉኛል።

«ምንም።»

አንድ ቃል ናት እኮ! አንዱ በርትቶ ያበቀለውን ሌላው ማበላሸቱን የሚያምን ሰው ጠፍቶ፣ ጥፋቱ የጋሼ ሆኖ ቀረ። ድንበር የዘጉት ሰዎች ስማቸው ንጹሕ ነው። የጎጃሙ ነጋዴ ግን ድንጋይ የላከ ሰው ሆነ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በሙስሊሞቹ የጾም ወር ማለቂያ አንድ ጠዋት ጀብራ ተኩስ ውስጥ ገባች። ሁለት የሱዳን ጦሮች ከተማዋን መሀላቸው አድርገው ይተኩሳሉ። እኔና ልጄ አልጋ ሥር ተኝተን ውሃ እስኪያልቅብን ቆየን። ስልክ ሲሠራ መጀመሪያ የገባው የሐጂ ነበር። «ልጅሽን ይዘሽ ነይ» አሉ። ድልድዮቹ ስለማይታለፉ ከሌሎች ሸሺዎች ጋር በደቡብ በኩል በጀበል አውሊያ ዞረን፣ ኬላ በኬላ እየተፈተሽን፣ እየተሰደብን ሰውራ ደረስን። ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። በዚያች ቅጽበት አኩርፌአቸው እንደነበር ልጄ ናት ያስታወሰችኝ፤ «እማ፣ አትናገሪውም አልነበር?» አለች፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ።

ኦምዱርማን ገበያ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። የሐጂ መጋዘን ባዶ ቀረ። በባሕር የመጣው ደህናው ባቄላ ጆንያው እንኳ አልተረፈም። የተረፈው ማንም ያልፈለገው፣ ግቢው ውስጥ የተከመረው የጎጃም ባቄላ ብቻ ነበር። ገበያ የለ፣ ዳቦ የለ። ሰፈሩ ከየቦታው በሸሸ ሰው ሞላ። ፉል ሻጩም ሁሉ ነገሩ ጠፍቶበት ትልቁን ድስቱን በአህያ ጋሪ ጭኖ መጣ። ሐጂ ግቢያቸውን ለተኪያ ሰጡ፤ ተኪያ ሰፈሩ በነፃ የሚበላበት የጋራ ማድቤት ነው። ድስቱ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተጣደ። እንጨት ስለሌለ የተሰበረ በርና ወንበር ይማገዳል።

ባቄላው ግን ያው ነው። ሲንተከተክ ዋለ፣ እንጨቱ አለቀ፣ እሱ ወይ ፍንክች። ልጆች ሳህናቸውን ይዘው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከእነሱ መሀል የእኔዋ አለች። ፉል ሻጩ ሰልፉን አየ፣ ድስቱን አየ። የሐጂ ባለቤት ከማድቤቷ አትሩን አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠች። ፉል ሻጩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ድስቱ ውስጥ ወረወረው። ማዘን ይገባኝ ነበር፣ እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ የዋጥኩት ንዴት አፌ ላይ መጣ።

«ያኔ እምቢ ያልከው ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ያኔ ክብር ነበረን» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ እሳቱን አራገብኩ።

ባቄላው በሰለ። ጠቆረ፣ ትንሽ ሳሙና ሳሙና አለ፣ ግን ከጠርሙሱ ሥር ላመ። ልጄ ሳህኗን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና አንድ ጊዜ ጎርሳ «እማ፣ ዳ ፉል በለድና?» አለችኝ። ይህ የሀገራችን ፉል ነው ወይ ነው የምትለው። የትኛው ሀገራችን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ አዎ አልኳት። ባቄላውን ጎጃም አበቀለው፣ አትሩኑን የዳርፉር በረሃ ሰጠው፣ ኦምዱርማን አበሰለው። ያ የአዳራሹ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ቢያይ ኖሮ ለሥዕሉ ይሆነው ነበር፤ የተቃጠለውን ወንበር ሳያስገባ።

ሐጂ አንገሬብ ላይ፣ ያ በገመድ የተጠለፈ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። ሳህን ተሰጣቸው። ቀመሱ፣ ዝም አሉ፣ ደግመው ቀመሱ። ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ስልኬን ይዤ ሮጥኩ። ኔትወርክ በሚገኝበት በግቢው ጥግ ቆሜ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ በስንት ልመና ጎጃም ገባልኝ። «ሃሎ» የሚለውን ድምፅ ስሰማ ምንም ሳልናገር ስልኩን ለሐጂ ሰጠኋቸው። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ።

«መቅቡል» አሉ ሐጂ።

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እታለም? አለሽ?» አሉ ጋሼ። «የትኛውን ነው? እኔ እኮ ምንም አልላክሁም።»

«ያን ዝናብ የመታውን፣ ጋሼ።»

«በሉት?»

«በላነው። ሰፈሩ ሁሉ በላው። ልጄም በላች።»

አፍንጫቸውን ሲስቡ ሰማሁ። «እሰይ» አሉ ዝቅ ብለው። «እሰይ፣ ስሜን መለሱልኝ።» ቆይተው ደግሞ የነጋዴነት ጠባያቸው መጣባቸውና ድምፃቸው ተነቃቃ። «ንገሪልኝ፣ ዘንድሮ ባቄላው ሸጋ ነው። ጎተራው ሞልቷል። እኛም ዘንድ መንገዱ እንደምትሰሚው ነው፣ ተኩስ ነው፣ የሚደፍር መኪና የለም። መተማ እንኳ ቢደርስ ከዚያ ወዲያ ማን ይቀበለዋል? እስቲ ጠይቂልኝ፣ በየት ልላክ?»

ሐጂ እንደ ድሮው አፌን አፌን እያዩ ይጠብቃሉ። የአንዱን ቃል ለአንዱ ሳላደርስ ቀርቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ልትፋው እስኪያምረኝ ድረስ መረረኝ። አንዱ ጎተራው ሙሉ ሰው ነው፣ ሌላው ግቢው በተራበ ሰው የሞላ ነው፣ ሁለቱም ይፈላለጋሉ፣ መሀላቸው ያለው ባለ ጠመንጃ ብቻ ነው።

«በየት ልላክ ነው የሚሉት» አልኳቸው።

ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙት። ወደ ምሥራቅ አዩ፣ ወደ ድልድዩ አቅጣጫ አዩ፣ ከዚያ የያዙትን ሳህን ማየት ጀመሩ። ከኋላዬ ፉል ሻጩ ለሚቀጥለው ሰልፈኛ ይጮሃል።

«እታለም፣ ምን አሉ?» አሉኝ ጋሼ።

«ምንም አላሉም» አልኳቸው።